በአይሮፕላን ውስጥ የምንተነፍሰው አየር ከየት ይመጣል?

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ለትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ በአይሮፕላን የተሳፈረ ሰው፥ ከራሱ በላይ ካለችው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስበት ሳያስተውል አልቀረም። ያ አየር ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አንዳንዱ ሰው በርሜል ውስጥ ታሽጎ የተጫነ አየር ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ እንደ አውቶቡስ መስኮት ከውጭ በቀጥታ የሚገባ ይመስለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በብዙዎቹ የጄት አይሮፕላኖች ላይ ያ አየር የሚመጣው ከሞተሩ ውስጥ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ከሞተር የወጣ አየር እንዴት ይተነፈሳል?» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፥ አየሩ ምን ጊዜ እንደሚበላሽ፥ ሲበላሽም በአይሮፕላን ሠራተኞችና በተሳፋሪዎች ጤና ላይ ምን እንደሚያደርስ በተራ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አየሩ የሚመጣበት መንገድ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 መብረር ሲጀምር ያሰማራቸው ባለ ፕሮፔለር ዳኮታ አይሮፕላኖች ዝቅ ብለው ይበሩ ስለ ነበረ፥ በውስጣቸው ያለውን አየር መጭመቅ አላስፈለገም። የዛሬው ጄት ግን 10,000 ወይም 12,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይበራል። በዚያ ከፍታ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አየሩም እጅግ የሳሳ ስለ ሆነ፥ ያን አየር ብቻ የሚተነፍስ ሰው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አእምሮውን መጠቀም ይሳነዋል። ስለዚህ ስሱን አየር ጨምቆና አሙቆ ማስገባት ግድ ነው።

የጄት ሞተር ነዳጅ ከማቃጠሉ በፊት፥ ከፊት ለፊቱ የሳበውን አየር በብዙ ረድፍ በተሰለፉ ምላጮች አጥብቆ ይጨምቃል። መሐንዲሶቹም ከዚህ ከተጨመቀው አየር፥ ነዳጅና እሳት ገና ሳይነካው፥ ጥቂቱን በቧንቧ ጠልፈው ወደ ተሳፋሪዎቹ ክፍል ይልኩታል። ሲጨመቅ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊሆን ስለሚችል፥ በመንገዱ ላይ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ከዚያም ቀድሞ በክፍሉ ውስጥ ከነበረውና በማጣሪያ ካለፈው አየር ጋር እኩል በእኩል ያህል ተቀላቅሎ ይገባል።

የክፍሉ ግፊት የሚስተካከለው በ8,000 ጫማ፥ ማለት በ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው። ይህም ለአዲስ አበባ ከፍታ የቀረበ ነው። ከጠረፍ አገር የመጣ ሰው በበረራ ላይ ጥቂት ቢደክመው፥ የአዲስ አበባ ሰው ግን ሰፈሩ እንደ ተቀመጠ ያህል ነው።

ማጣሪያው እጅግ ረቂቅ ነው። አቧራንና የበሽታ ሕዋሳትን ከ10,000 ውስጥ 9,997 ያህሉን ይዞ ያስቀራል። ነገር ግን ወንፊት ገለባውን ያስቀራል እንጂ ሽታውን አያስቀርም። እንዲሁም ይህ ማጣሪያ እንፋሎትንና ጋዝን አያግድም። ነገራችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሁለት የቆዩ ታሪኮች

ስለ ዛሬው ክርክር ከመናገራችን በፊት፥ የአይሮፕላን ውስጥ አየር ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተበክሎ እንዴት እንደ ጸዳ ማወቅ ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው የትንባሆ ጭስ ነው። ቀድሞ በአይሮፕላን ውስጥ ሲጋራ ማጨስ የተፈቀደ ነበረ። አጫሾች ወደ ኋላ፥ የማያጨሱት ወደ ፊት ይቀመጡ ነበር፤ ነገር ግን አየሩ ሁሉ ተቀላቅሎ ስለሚዞር መለየቱ ብዙም አልረዳም። ተሳፋሪው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወርዶ ይሄዳል፤ አስተናጋጆቹ ግን በጭሱ ውስጥ ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ። ሲጋራ በከንፈራቸው ነክተው የማያውቁ አስተናጋጆች ሳንባችን ታመመ ብለው ጮኹ። ለብዙ ጊዜ የሚሰማቸው አልተገኘም። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ ነገሩን መርምሮ፥ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ማጨስ እንዲከለከል መከረ። በ1988 ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ በረራ ላይ፥ በ1990 ከስድስት ሰዓት በማይበልጥ የአገር ውስጥ በረራ ላይ፥ በ2000 ደግሞ ወደ አሜሪካ በሚገባና ከአሜሪካ በሚወጣ በረራ ሁሉ ላይ ተከለከለ። አስተናጋጆቹም በ1991 የትንባሆ ኩባንያዎችን ከሰው፥ በ1997 ኩባንያዎቹ 300 ሚሊዮን ዶላር ለሕክምና ምርምር እንዲያወጡ በስምምነት ተጨረሰ።

ሁለተኛው ኦዞን ነው። ኦዞን ከሰማይ በላይ ሆኖ ከፀሐይ ክፉ ጨረር የሚጠብቀን ጋዝ ነው፤ በሳንባ ሲገባ ግን ያቃጥላል። ከ1976 እስከ 1977 በነበሩት የፈረንጆች የብርድ ወራት፥ እጅግ ከፍ ብለው ረጅም መንገድ በሚበሩ አዳዲስ አይሮፕላኖች ላይ የሚሠሩ አስተናጋጆች ደረታቸውን እንደ ወጋቸው፥ እንደሚያስላቸውና ዐይናቸውን እንደሚያቃጥላቸው አመለከቱ። አየሩ በመሣሪያ ሲለካ የኦዞኑ መጠን ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ1980 የአሜሪካ መንግሥት የኦዞኑን ልክ የሚወስን ደንብ አወጣ፤ አይሮፕላኖቹም ኦዞንን የሚሰብር መሣሪያ ተገጠመላቸው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አስተውሉ። በሁለቱም መጀመሪያ የተናገረው በዚያ አየር ውስጥ የሚውለው ሠራተኛ ነው። በሁለቱም ነገሩ የተቃናው ጩኸቱ ተመዝግቦ፥ አየሩም ተለክቶ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው።

የዘይቱ ሽታ

አሁን ወደ ሦስተኛውና ገና ወዳላለቀው ነገር እንሂድ። የሞተሩ ዘንግ በዘይት ካልራሰ ወዲያው ይግላል፤ ይሰበራልም። ስለዚህ ዘንጉን በሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ዘንድ ዘይት ዘወትር ይዞራል። ዘይቱ ወደ አየሩ መንገድ እንዳይገባ የሚያግዱት ማሸጊያዎች አሉ። እነርሱም ሥራቸውን የሚሠሩት በአየር ግፊት ጭምር ስለ ሆነ፥ ሞተሩ ሲነሣ ወይም ኀይሉ ሲለዋወጥ ጥቂት ዘይት ሊያመልጥ ይችላል። ማሸጊያው ሲበላ ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ደግሞ የሚያመልጠው ይበዛል። ያመለጠው ዘይት ትኩሱን አየር ሲያገኝ ተንኖ ወደ ተሳፋሪዎቹ ክፍል ይገባል። ሽታውን የሚያውቁ ሠራተኞች የቆሸሸ ካልሲ ወይም የረጠበ ውሻ ይሸታል ይላሉ።

ይህ ዘይት ተራ ዘይት አይደለም። ብረት ብረትን እንዳይበላው፥ በብዙዎቹ የጄት ሞተር ዘይቶች ውስጥ ትራይክረሲል ፎስፌት የሚባል ቅመም ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ይጨመራል። የዚህ ቅመም አንዱ ዓይነት ነርቭን የሚያደርቅ መርዝ መሆኑ የታወቀው የጄት አይሮፕላን ከመሠራቱ በፊት ነው። በ1930 በአሜሪካ አገር፥ አልኮል በሕግ ተከልክሎ ሳለ፥ ብዙ ድኾች የጃማይካ ዝንጅብል የሚባለውን አልኮል የበዛበት መድኃኒት እንደ መጠጥ ይጠጡት ነበር። አንዳንድ ነጋዴዎች የመንግሥቱን ምርመራ ለማሳለፍ ሲሉ ይህን ቅመም ቀላቀሉበት፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም እግራቸው ሰለለ። በ1959 ደግሞ በሞሮኮ አገር፥ በመክነስ ከተማ፥ ነጋዴዎች ከአሜሪካ አየር ኀይል ሰፈር ተርፎ የተሸጠውን የጄት ሞተር ዘይት ከምግብ ዘይት ጋር ደባልቀው ለሕዝቡ ሸጡ። 10,000 ያህል ሰዎች ሽባ ሆኑ። እነርሱን ለመርዳት የቀይ መስቀል ማኅበራት ከብዙ አገር ሐኪሞችን ላኩ።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት ማስጠንቀቅ ይገባናል። የጃማይካ ዝንጅብል የጠጡትና የመክነስ ሰዎች መርዙን የዋጡት በብዛት ነው። በአይሮፕላን ውስጥ የሚገኘው በአየር ላይ የተበተነ እጅግ ጥቂት ነው፤ ዘይት ሠሪዎቹም ያን ክፉውን ዓይነት ከዘይታቸው ውስጥ በጣም ቀንሰውታል። አንድ ነገር መርዝ መሆኑ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሰውን በሚጎዳ መጠን መገኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሊቃውንቱ ክርክር በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ክርክሩ

በድንገት የሚደርሰውን ጉዳት የሚክድ የለም ለማለት ይቻላል። በኖቬምበር 1999 ከስቶክሆልም ወደ ማልሞ በሚበር የስዊድን አይሮፕላን ላይ፥ አስቀድሞ አስተናጋጆቹ፥ በኋላም ለማረፍ ሲወርዱ ሁለቱም አብራሪዎች አዞራቸው፤ አቅለሸለሻቸው። አብራሪዎቹ የኦክሲጅን ጭንብል አጥልቀው አይሮፕላኑን በደኅና አሳረፉ። የአገሩ የአደጋ መርማሪዎችም አብራሪዎቹን ያሳመማቸው የተበከለ አየር ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ። በአውስትራሊያም አንዲት አስተናጋጅ በ1992 በአይሮፕላን ውስጥ ጭስ ተንፍሳ የማይለቅ ሳል ስለ ያዛት ክስ አቀረበች፤ በ2009 ተፈረደላት፤ በ2010 የአገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የኩባንያውን ይግባኝ አልቀበልም አለ። ከበሽታው እስከ ፍርዱ 17 ዓመት እንዳለፈ ልብ በሉ።

ክርክር የበዛበት ለረጅም ጊዜ ይቆያል የሚባለው ሕመም ነው። ራስ ምታት፥ ድካም፥ የእጅ መንቀጥቀጥ፥ የመርሳት ችግርና ሐሳብን መሰብሰብ ያለመቻል ያለባቸው አብራሪዎችና አስተናጋጆች ብዙ ናቸው። በ1999 አንዳንድ ተመራማሪዎች ለዚህ ሕመም «ኤሮቶክሲክ ሲንድሮም» የሚል ስም አወጡለት። የሕክምናው ዓለም ግን ይህን ስም ራሱን እንደ ቻለ በሽታ አድርጎ አልተቀበለውም፤ ምልክቶቹ ከእንቅልፍ ማጣትና ከሌላም ብዙ ምክንያት ሊመጡ ይችላሉና።

በ2007 የእንግሊዝ መንግሥት የመርዝ ሊቃውንት ጉባኤ ያሉትን መዝገቦች ተመልክቶ ነበር። አብራሪዎቹ ከ100 በረራ በአንዱ ያህል ሽታ ተሰማን ብለው አመለከቱ፤ መካኒኮቹ ፈትሸው ያረጋገጡት ግን ከ2,000 በረራ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ጉባኤውም ሕመሙ ከአየሩ የመጣ ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃም፥ አይደለም ለማለትም አይቻልም አለ። በ2011 የእንግሊዝ አገር የክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ100 በረራ ላይ አየሩን ለክቶ፥ ከተወሰነው የጤና ልክ በላይ የሆነ ነገር አላገኘም። በ2017 የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ድርጅት ያስጠናው ልኬት ደግሞ የአይሮፕላኑ አየር በቢሮና በመኖሪያ ቤት ካለው አየር የማይከፋ መሆኑን ገለጠ።

ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። በክራንፊልዱ ጥናት ጊዜ ከነበሩት 100 በረራዎች በአንዱም ላይ፥ በደንቡ መሠረት በጽሑፍ መመልከት የሚገባው የዘይት ጭስ አልደረሰም። ሽፍታ ባልወጣበት ቀን መንገዱን ተመላልሰው አይተው፥ መንገዱ ሰላም ነው ማለት ለዚያ ቀን እውነት ነው፤ ሽፍታው በወጣ ቀን የደረሰውን ግን አይነግረንም። ልኬቱ ስለ ተራው በረራ የሚናገረው መልካም ዜና ነው፤ ተሳፋሪም ሁልጊዜ መርዝ እተነፍሳለሁ ብሎ ሊፈራ አይገባም። ነገር ግን ማሸጊያው በተበጠሰባት፥ ሽታው ክፍሉን በሞላባት በዚያች አንዲት ቀን መለኪያ መሣሪያ በአይሮፕላኑ ላይ አልነበረም። ብዙዎቹ አይሮፕላኖችም ይህን እንፋሎት የሚለይ መሣሪያ አልተገጠመላቸውም። በተራው ቀን ልኬት አለ፤ በክፉው ቀን ያለው የሰው አፍንጫና የሰው ቃል ብቻ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 707 እና ዲሲ 8 ጄቶች የተሳፋሪውን አየር ለብቻው የሚጨምቅ መሣሪያ ነበራቸው፤ በኋላ ግን ከሞተሩ መጥለፉ ስለ ቀለለ ይህ ተተወ። በ2011 ሥራ የጀመረው ቦይንግ 787 ወደ ቀድሞው ሐሳብ ተመልሶ፥ የውጭውን አየር በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መጭመቂያዎች ይስባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ይህን አይሮፕላን በ2012 ተረክቧል። የሆነ ሆኖ በዓለም ላይ የሚበሩት አብዛኞቹ ጄቶች ዛሬም አየራቸውን የሚያገኙት ከሞተር ነው።

ለእኛ የሚሆነው ምክር

በአይሮፕላን ውስጥ እንግዳ ሽታ ቢሰማችሁ አትሸበሩ። ሽታ ሁሉ የዘይት አይደለም፤ ከማድ ቤቱ ምድጃ፥ ከመጸዳጃው፥ መሬት ላይ ሳላችሁም ከፊታችሁ ካለው አይሮፕላን ጭስ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ሽታው ቢበረታ፥ ራሳችሁንም ቢያዞራችሁ፥ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። አስተናጋጇን ጠርታችሁ ንገሯት። «ፈሪ ይሉኛል» አትበሉ፤ እርሷም አሽትታው «እኔን ብቻ ይሆን?» እያለች ይሆናልና።

ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ አውጡ። ቀኑን፥ የበረራውን ቁጥር፥ የተቀመጣችሁበትን ወንበር፥ ሽታው የተሰማበትን ሰዓት፥ አይሮፕላኑ ሲነሣ ወይም ሲወርድ እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ሸተታችሁና ምን እንደ ተሰማችሁ ጻፉ። ሕመሙ ካልለቀቃችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የጻፋችሁትን አሳዩ። «ነገ እሄዳለሁ» ማለት አይጠቅምም። ለምሳሌ የከሰል ጭስ መርዝ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ፥ ንጹሕ አየር ከተነፈሱ በኋላ በአምስት ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በማግስቱ የሄደ ሰው «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል፤ ሐኪሙም አልዋሸም፤ ማስረጃው ግን ጠፍቷል።

አስተናጋጇ ወይም አብራሪው ደግሞ ይህን የሚያደርጉት ለራሳቸው ብቻ አይደለም። እኛ በዓመት አንድ ቀን የምንቀመጥበትን አየር እነርሱ በወር ብዙ ቀን ይውሉበታል። ሽታውን አለማመልከት የኋለኛውን ባልደረባና የነገውን ተሳፋሪ በዚያው አይሮፕላን ላይ ማስቀመጥ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለሞተርም ይሠራል።

በመጨረሻም ለሁለት ወገን አንባቢዎቻችን አንድ አንድ ቃል አለን። ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ ጉዳይ የሚጠብቀው የሚጮህ ሰው ሳይሆን የሚለካ ሰው ነው። ቀላል፥ ርካሽና ሁልጊዜ በአይሮፕላኑ ላይ የሚቀመጥ፥ የዘይቱን እንፋሎት ለይቶ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኬሚስትሪና ምሕንድስና የምትማሩት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞችም ሆይ፤ አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ «የሥራ ቦታዬ አየር አሳመመኝ» ብሎ የጻፈው ማመልከቻ ከጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣ ይሆናል፤ ከአይሮፕላን ባይሆን ከፋብሪካ፥ ከመጋዘን ወይም ከማተሚያ ቤት። ያን ማመልከቻ ቀን ጽፋችሁ፥ ቁጥር ሰጥታችሁ በመዝገብ አስገቡት። «ማስረጃ የለውም» ብላችሁ አትመልሱት፤ የማስረጃው መጀመሪያ እርሱ ራሱ ነውና። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የትንባሆው ጭስ ከአይሮፕላን የወጣው፥ ለኦዞኑም ልክ የተወሰነለት በመዝገብ ኀይል ነው። የዘይቱም ነገር እውነቱ ወዲህም ቢሆን ወዲያ የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው።